ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩበት የጡረታ ሕክምና ገንዘብ

ቨርጂኒያ ውስጥ ለ22 ዓመታት ካገለገልኩበት ሥራ ጡረታ የወጣሁት በፈረንጆቹ 2022 ነው። የቀድሞ አሠሪዬ ለጡረተኞቹ የሕክምና ወጪ የሚተካበት ሒሳብ ነበረው፤ እኛ «ኤች አር ኤ» እንለዋለን። የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ክፍያዬንና የመድኃኒት ደረሰኝ እልካለሁ፤ ያወጣሁትን በባንክ ይመልሱልኛል።

የ2023ን ግብር ራሴ ልሞላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የተከፈለኝን ጡረታ የሚገልጸው ቅጽ፣ 1099-አር፣ አለ፣ የሶሻል ሴኩሪቲው (የመንግሥት ጡረታው) ወረቀት አለ፣ የባለቤቴ የደመወዝ ማስረጃ አለ። ከሁሉም ሥር «በዓመቱ የተከፈለ 3,000 ዶላር» የሚል መግለጫ ተገኘ። የግብር ቅጽ አልነበረም። እኔ ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ የአይ አር ኤስ ስም ሲነሳ ሆዴ የሚባባ ሰው ነኝና «ሌላ ገቢ» በሚለው መስመር ላይ አሰፈርኩት። ታማኝነት መሰለኝ።

ታማኝነቴ 666 ዶላር አስከፈለኝ። ያለነው 12 በመቶ የግብር እርከን ላይ ስለሆነ 360 መሆን ነበረበት። ለካስ ገቢ ሲጨመር ግብር የሚከፈልበት የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻም አብሮ ያድጋል፤ እኛ ባለንበት የገቢ ደረጃ በእያንዳንዱ ዶላር 85 ሳንቲም። ስለዚህ 3,000ው 5,550 ሆኖ ተቆጠረ። በእርሳስ ሦስት ጊዜ ደምሬ ነው ያመንኩት።

በዓመቱ፣ በነጻ ግብር ከሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች ዘንድ አንዲት የአገሬ ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ ደረሰኝ ሳያሳዩ ይሰጡዎታል?» አለችኝ።

«አንድ ሳንቲም አይሰጡኝም።»

«እንግዲያውስ ያወጡትን መለሱልዎት እንጂ ገቢ አላገኙም።»

በማስተካከያው ቅጽ፣ በ1040-ኤክስ፣ አስተካከልን። የግብር ቅጹን ካስገቡበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ስለሚፈቀድ አልረፈደብኝም ነበር። ገንዘቡ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰልኝ።

በ2025 አሠሪው ሒሳቡን ዘጋና በየወሩ 150 ዶላር በጡረታዬ ላይ ይጨምርልኝ ጀመር። በደብዳቤው ላይ ስሙ ያው «የጡረተኞች የሕክምና ድጋፍ» ነው። አሁን ዐዋቂ ሆኛለሁና 1,800ውን ከ1099-አሩ ላይ ልቀንስ ተነሣሁ። ያቺው ልጅ እጄን ያዘችኝ።

«አስቤዛ ቢገዙበት ማን ይጠይቅዎታል?»

ማንም አይጠይቀኝም። ስሙ የሕክምና ቢሆንም ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል፤ ቅጹም አስቀድሞ አካቶታል። ከዚህ ገንዘብ የምከፍለው የሜዲኬር መዋጮ ግን አሁን የራሴ ወጪ ነው። ወጪዎቻቸውን እየዘረዘሩ የሚቀንሱ ሰዎች ከተስተካከለው ጠቅላላ ገቢያቸው 7.5 በመቶ የሚያልፈውን የሕክምና ወጪ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ አሠሪ የተካላቸው ግን አይቆጠርም። እኛ መደበኛውን፣ ወጪ ሳይዘረዘር የሚሰጠውን ቅናሽ ስለምንወስድ አይነካንም።

የፌዴራሉን ግብር ብቻ በዚያው በፊተኛው ስሌት ባሰላ ከ150ው እጄ ላይ የሚቀረው 116 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። ደብዳቤውን አሁንም አስቀምጬዋለሁ። «ከእንግዲህ ደረሰኝ በመላክ አይደክሙም» ይላል።