ጨረቃንና ፕላኔቶችን ከጎንደር ግቢዬ በዓይኔ እንዴት ተከታተልኩ?

ቴሌስኮፕ የለኝም። ቢኖረኝም ለዚህ ሥራ አያስፈልገኝም ነበር፤ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነውና። የሰፈራችን የኔታ ጣታቸውን እያጠፉ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላት ቀን በሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ፣ ይቆጥሩና «ዛሬ ሠርቀ ሌሊት (የጨረቃ ሌሊት ቁጥር) ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ማታ ቀና ስል የማያት ጨረቃ ግን ከቁጥራቸው ጋር አትገጥምም። በ2017 መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ ራሴ ልከታተላት ተነሣሁ። ፕላኔቶቹና ኮከቦቹ ከዚያ ወዲያ የመጡ ናቸው።

የምኖረው ወደ ጎሃ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከግቢያችን ወደ አዘዞ በኩል ያለው ደቡብ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሰሜኑን ተራራው ይጋርደዋል። ኮከብ ከማየቴ በፊት በቀን ብርሃን አድማሱን ደብተር ላይ ሳልኩት፤ የትኛው ጣሪያ፣ የትኛው ባሕር ዛፍ፣ የትኛው ምሰሶ የት እንዳለ። ከዚያ በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ጨረቃ ከየትኛው ዛፍ በላይ እንደሆነች ነጥብ አኖራለሁ። የመቆሚያው ቦታና ሰዓቱ ካልተለወጡ ጨረቃ በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስትሄድ በግልጽ ይታያል። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ የምትወጣውም ለዚሁ ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ሥዕል ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑት የኮከብ መተግበሪያዎች ስም ይነግሯችኋል እንጂ መከታተል አያስለምዱም።

መለኪያዬ እጄ ነው። ክንድ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ቡጢ 10 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ያህል ትሸፍናለች። ጨረቃ ከተራራ ጫፍ ስትወጣ ግዙፍ መስላ የታየችው ሰው ትንሿን ጣቱን ያንሣባት፤ አናት ላይ ስትደርስም ያችው ጣት ትሸፍናታለች። ስፋቷ በሁለቱም ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ለጎረቤት ልጆች ሳሳያቸው እናቶቻቸው ሳይቀሩ ወጥተው ጣታቸውን ዘረጉ።

ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ስልክ ከከፈቱ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ለደብተሬ የምጠቀምበትን ባትሪ በቀይ ላስቲክ ሸፈንኩት። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ሁሉም ሲያማርር እኔ ጋቢዬን ይዤ እወጣለሁ።

ደማቆቹን ለማየት ግን ጨለማ የግድ አይደለም። ይህን ያየሁት የ2017 ከተራ ምሽት ፋሲል መዋኛ አጠገብ ነው። ታቦታቱ ገብተው፣ መብራቱና ሻማው እንደዚያ እየነደደ፣ ምዕራቡ ላይ ቬነስ ታበራ ነበር። ሳተርን ከጎኗ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጁፒተር አናታችን ላይ ነበር፤ ማርስ በምሥራቅ ቀላ ብሎ ወጥቷል። ፕላኔትን ከኮከብ የምለየው በብልጭታው ነው፦ ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ረግቶ ያበራል። ከአድማስ አጠገብ ሲሆኑ ግን ፕላኔቶችም ይርገበገባሉና ከፍ እስኪሉ መጠበቅ ይሻላል።

ጨረቃዋ ግን አልነበረችም። በባሕረ ሐሳብ ቢሆን ለመሙላት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ስለሚቀራት ገና ሲመሽ መታየት ነበረባት። የወጣችው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ጎድላ፤ ከሞላች አምስት ቀን ሆኗታል። የባሕረ ሐሳብ ቆጠራ መነሻ የሆኑት የዓመቱ ቁጥሮች አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነበሩ፤ የኔታ የቆጠሩት ትክክል ነው። ልዩነቱ የመጣው ከራሱ ከቀመሩ ነው። በጥንቱ ሒሳብ 19 ዓመትና 235 የጨረቃ ወራት እኩል ናቸው። እውነተኛዋ ጨረቃ ግን 235ቱን ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማ ትጨርሳለች። ያ ሲጠራቀም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ቀመሩ ከ1,600 ዓመት በላይ ስላገለገለ ልዩነቱ ወደ አምስት ቀን ደርሷል።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሒሳቡ የተሠራው በዓላት እንዳይፋለሱ ነው። ሰማዩን ለማየትማ ዓይን አለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬን አምጪ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ቬነስን መከታተል ብዙ ትዕግሥት አይጠይቅም። ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ ስለማትርቅ ወይ ሲመሽ በምዕራብ፣ ወይ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ነው የምትታየው። የካቲት 22 ማታ ቀጭኗ ጨረቃ አጠገቧ ነበረች፤ ቀንዶቿ ወደ ላይ፣ እንደ ታንኳ ተንጋላ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው እንዲህ የምትተኛው፤ በአውሮፓ ሰማይ ቆማ ትታያለች። በመጋቢት አጋማሽ ቬነስ በምድርና በፀሐይ መሐል አለፈች። በፋሲካ ማግስት ማለዳ ያቺው የጥር ኮከብ በምሥራቅ አጥቢያ ኮከብ ሆና ወጥታ ነበር። ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ያስረዳኋት አክስቴ እስካሁን አላመነችኝም።

ከኮከቦች ለጎንደር ሰው የምመክረው ሰሜኑንና ደቡቡን በአንድ ምሽት ማየት ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ተመልካቹ ካለበት ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለው ርቀት) ጋር እኩል ነው፤ ጎንደር 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከቡጢ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከግቢዬ ስለማይታየኝ ከጓደኞቼ ጋር ጎሃ አናት ላይ ወጥተን፣ ቡጢያችንን አንዳንዴ ከፍ አንዳንዴ ዝቅ እያደረግን ለካነው። ግንቦት ሲገባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ዞር ሲሉ በአዘዞ አቅጣጫ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የታችኛው ኮከቡ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን መስቀል አያየውም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያይም። ሬጉለስ የሚባለው ኮከብም በኛ አናት ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ያልፋል፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንገትን አጥፎ መፈለግ ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ደግሞ ጨረቃ ራሷ ክርክሩን ዘጋችው። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሐል ስትገባ፣ ማለትም ጨረቃ በእርግጥ በሞላችበት ሌሊት ብቻ ነው። በቀመሩ ግን ለመሙላት ገና አምስት ቀን ይቀራት ነበር። ክረምቱ ስላልወጣ ደመናው ሲከፈት ሲዘጋ አመሸ። ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52 ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነበረች፤ በተከፈተ ቁጥር እንደ መዳብ ቀልታ አየናት። የሚያቀላት በምድር አየር ውስጥ ታጥፎ የሚደርሳት የፀሐይ ብርሃን ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ቡጢ ተኩል ያህል ርቆ፣ ሳተርን ነበር። የጨረቃን ግርዶሽ ያለ ምንም መከላከያ ማየት ይቻላል፤ ፀሐይን ግን በጭራሽ በባዶ ዓይን አትዩ፣ በግርዶሽ ጊዜም ቢሆን።

የኔታ «ቀጣዩ መቼ ነው?» አሉኝ። ከኛ ሀገር የሚታየው የሚቀጥለው ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ማታ ነው። በጋ ነውና ደመናው ብዙም አያሳስበንም።