575 ካመጣሁ በኋላ ጂማትን ድጋሚ ልፈተን ወይስ ይቅርብኝ?

የቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ የሆነው የጂማት ፈተና አልቆ ኮምፒውተሩ 575 ብሎ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የታወሰኝ የከፈልኩት 275 ዶላር ነው። ላመለክት ያሰብኩበት ትምህርት ቤት የሚቀበላቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከእኔ 40 ነጥብ ይበልጣል። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ የምትኖረው እህቴ «እባክህ ተው፣ ያንን ብር እቁብህን ክፈልበት» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ዛሬውኑ ተመዝገብ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ሕጉ 16 ቀን ያስጠብቃል፣ በ12 ወር ውስጥም እስከ 5 ጊዜ መፈተን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የሚያጣድፈኝ ነገር አልነበረም።

የወሰንኩት የድሮ ደብተሬን ገልጬ ነው። ከፈተናው በፊት ቤት ቁጭ ብዬ የሠራኋቸው ሁለቱ ነፃ ይፋዊ የልምምድ ፈተናዎች 615 እና 625 ሰጥተውኛል። ቤትም 575 አምጥቼ ቢሆን ኖሮ ሳላጠና ድጋሚ መቀመጥ ብር መበተን ነበር። አሁን ግን ቢያንስ 40 ነጥብ የሆነ ቦታ ጠብ ብሎብኛል፤ የት እንደሆነ ካገኘሁ እፈተናለሁ፣ ካላገኘሁ ይቅር አልኩ።

የውጤት ሪፖርቱ አሳየኝ። እያንዳንዱ ክፍል ከ60 እስከ 90 ነው የሚታረመው፦ ኳንት (ሒሳቡ) 82፣ ቨርባል (ንባቡ) 80፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ መተንተኑ) 73። በመጨረሻው ክፍል 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ይሠራል፤ እኔ አራቱን ሳልነካቸው ሰዓቱ አለቀ። ያልተሠራ ጥያቄ ደግሞ ነጥብ ያስቀንሳል፣ ዝም ብሎ መገመት ይሻል ነበር።

ሰዓቴን የበላው «መረጃው ይበቃል ወይ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ነው። ኤክስ ስንት ነው ይልና፣ አንደኛ የኤክስ ስኩዌር 16 ነው፣ ሁለተኛ ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ይላል። አንደኛው ብቻውን አይበቃም፣ 4ም ኔጋቲቭ 4ም ይሆናልና፤ ሁለተኛውም ብቻውን አይበቃም፤ አብረው ይበቃሉ። አለቀ። አገር ቤት ግን መልሱ ላይ ሁለት መስመር ሳናሰምር እርሳስ አናስቀምጥም ነበር፤ እኔም ማንም ያልጠየቀኝን ስሌት እስከ መጨረሻው ስሠራ ነው ያረፈድኩት። በዚያ ላይ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነበር የሄድኩት፤ ዳታ ኢንሳይትስንም መጨረሻ ላይ አድርጌው ነበር። ቅደም ተከተሉን የሚመርጠው ተፈታኙ ስለሆነ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ስድስት ሳምንት ያንን ክፍል ብቻ ሠራሁ። የምወደውን ኳንት መተው ከብዶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ተኩል ካለፈው ገምቼ መሄድን ለመድኩ። ለፈተናው ቀን ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ዳታ ኢንሳይትስን አስቀደምኩ።

615 አመጣሁ። ዳታ 80፣ ኳንት 83 ሆነ፤ ቨርባል አንድ ነጥብ ወረደ።

ጓደኛዬ «በሦስተኛው 645 ትገባለህ» አለ። ገዝቼ የሠራኋቸው የመጨረሻ ልምምዶች ግን 605 እና 615 ነበሩ፤ ከዚህ በኋላ የጠፋ ነጥብ የለም፣ ያለኝ ይኸው ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በጥር መጀመሪያ ስለነበር የቀረኝን ጊዜ ለሁለቱ ድርሰቶች ሰጠሁ። በአሁኑ ጂማት ትምህርት ቤቱ የሚያየው እኔ የላክሁለትን ውጤት ብቻ ስለሆነ 575ን እዚያ የሚያውቅ የለም። እህቴ ግን እስከ ዛሬ «ባለ 550 ዶላሩ» እያለች ነው የምትጠራኝ።