ሳልዳስሳት «አብሽሪ» ያልኳት ሴት

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ክሊኒክ ይባል እንጂ አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሣጥን። ያኔ በሩ አይቆለፍም፣ መጋረጃም አልነበረም። ሠራተኛ ሲታመም ከፈረቃ አለቃው የፈቃድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የወጣበት ሰዓት ተጽፏል። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ እየቸኮለ ነው። እኔም የማየው እየቸኮልኩ።

መጋቢት ላይ አንዲት የ31 ዓመት ሴት መጣች። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ጥቂት ወር ሆኗታል። ራሷን አሟት ነበር፤ ፓራሲታሞል ሰጠኋት። ተነሥታ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች።

«ሲስተር፣ ግራ ጡቴ ውስጥ ባቄላ የምታህል ነገር አለች።»

«ያምሻል?»

«ኧረ ወላሂ ምንም አያመኝም። ልጁ ብቻ ግራውን እምቢ ብሎኛል። ቀኙን ነው የሚጠባው።»

«ወተት ቋጥሮ ነው። በሙቅ ውኃ ያዢው፣ በእጅሽም እለቢው። አብሽሪ።»

ለማንኛውም ብዬ የሰባት ቀን አሞክሳሲሊን ጨመርኩላት። ውጭ ሌሎች አምስት ሰዎች እየጠበቁ ነበር።

«አብሽሪ» ወሎ ላይ ትልቅ ቃል ነው። ለታመመም፣ ላዘነም፣ ለጨነቀውም የሚባል ነው። የሚለው ሰው አብሮሽ እንደሚቆም ነው የሚታወቀው። እኔ ግን እጄን እንኳን ሳላሳርፍባት አልኳት። እሷም አምናኝ ሄደች።

ተመልሳ የመጣችው ጥቅምት ላይ ነው። ያውም ስለ ጡቷ አይደለም። ግራ ክንዷ እየከበዳት ሥራ ላይ ዘገየች፤ አለቃዋ «ምርቷ ቀንሷል፣ ክሊኒክ ትታይ» ብሎ ላካት። ብብቷን ስነካ ጠንካራ ንፍፊት አገኘሁ። ያኔ ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ ልብሷን አስወለቅኳት።

ያቺ ባቄላ ሎሚ አክላለች። ስገፋት አትንቀሳቀስም። ከላይዋ ያለው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ። የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺ ወተት ነው አልሽኝ እኮ፣ ሲስተር።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። የነገርኳትን መልሳ ነገረችኝ፣ በቃ። ጎረቤት ምች ነው ብሏት ዳማ ከሴ አሽታለች። ዱአም አስደርጋለች። ካልታመመች ደግሞ ምን ብላ ፈቃድ ትጠይቅ? ይህን ሳስብ ጥፋቱን እሷ ላይ ለመጣል የሚያበቃ አንድም ነገር አላገኘሁም።

የኔ ስህተት የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ነው። «ያምሻል?» አልኩ። አያመኝም ስትለኝ ቀለል አለኝ። መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው። ወተት ቋጥሮ ጡት ሲቆጣ ያማል፣ ይቀላል፣ ያተኩሳል፣ ብዙ ጊዜም ትኩሳት አለው። በመድኃኒት በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻለዋል። የጡት ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲጀምር ሕመም የለውም። የሚያጠባ ጡት ውስጥ ያለ ጓል በአንድ ሁለት ሳምንት ካልጠፋ አልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ቢያምም ባያምም። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ያቻኮለኝ ሰልፉ ነው፣ ግን «አብሽሪ» ያላት ሰልፉ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

በበሽታው እድገት ውስጥ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። 1 ሴንቲ ሜትር የምታህል እጢ ውስጥ 1 ቢሊዮን ያህል ሴሎች አሉ። ከአንዲት ሴል ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ 30 ጊዜ ያህል በእጥፍ መብዛት ይፈልጋል። አንዱ እጥፍ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ እጅ ላይ የምትገኝ ጓል ትናንት የበቀለች አይደለችም፤ ዓመታት ተደብቃ ኖራለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስፋቷ እጥፍ ሲሆን ውስጧ ያለው ስምንት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ባቄላዋ ሎሚ እስክታክል የጠበቅነው ይህን ነው። ብርቱካን ልጣጭ የሚያስመስለውም ካንሰሩ የቆዳውን የሊምፍ መስመር ሲዘጋና ፈሳሽ ሲጠራቀም ነው።

በማግስቱ ደሴ ይዣት ወጣሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠመዝማዛ ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። አልትራሳውንድ ታየች፣ ከጓሏም ከብብቷም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ካንሰር ነበር። ደረጃው ሦስተኛ ነው፤ ብብት ደርሷል፣ ሳንባና ጉበት ግን አልደረሰም። ይህን «ግን» ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኬሞው ቀደመ፣ እጢው እንዲያንስ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና። ለጨረሩ አዲስ አበባ ድረስ ሄደች፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል። አሁን በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አላት፤ ለዓመታት ትቀጥላለች። መጋቢት ላይ ብትጀምር ኖሮ ከዚህ የቀለለ ይሆን ነበር፤ ይህን ከራሴ ልደብቅ አልችልም።

ለአስተዳደሩ ስለ መጋረጃና ስለ ቁልፍ ጻፍኩ። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ጀምሮ ጡት ብላ አፏን የከፈተች ሴት ሳትዳሰስ አትወጣም። እጇን ይዤ አሳያታለሁ፤ በሦስቱ መሀል ጣቶች ውስጠኛ ገጽ፣ በክብ በክብ፣ ከአንገት አጥንት እስከ ብብት። የወር አበባ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ የምታጠባ ደግሞ ልጁ ጠብቶ ሲያበቃ። የምጠይቀውም «ከበፊቱ ምን ተለየብሽ?» ብዬ ነው። ቆዳው ከሰረጎደ፣ ጫፉ በቅርቡ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ካለ፣ ሪፈር እጽፋለሁ። አብዛኛው ጓል ካንሰር አይደለም፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ፣ ከፍርሃት የተነሣ የሚሸሹ አሉና። «ልጅ ነኝ» የሚሉም አሉ። አገራችን ውስጥ ግን የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም።

እሷ ሥራ ተመልሳለች። ግራ ክንዷ እንዳያብጥ ትጠነቀቃለች፤ ወደ ማሸጊያ ክፍል ቀይረዋታል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት የ22 ዓመት ልጅ እጅ ይዛ መጣች።

«ሲስተር፣ ይቺን እይልኝ።»

ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት እያየች ነው። «ትንሽ ጓል ናት እንጂ ምንም አያመኝም እኮ» አለች።

«ለዚያ እኮ ነው ያመጣሁሽ» አለቻት።

መጋረጃውን ሳብኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ጓሏ ትንቀሳቀሳለች፣ ጠርዟ ለስላሳ ነው። ቢሆንም ሪፈሩን ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ አብረው ሄዱ።