ስምንት ፉርጎ በአንድ ጣውላ ላይ

ደብረ ብርሃን ላይ ባቡር አያልፍም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ለገሃር ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። የባቡሩ ራስ ፉርጎዎቹን አንዴ ገፍቶ፣ አንዴ ስቦ፣ አንዱን እዚህ ጥሎ ሌላውን ከዚያ አንስቶ በተራ ይደረድራቸው ነበር። ከጉዞው ይልቅ የማረከኝ ድርደራው ነው። የአክስቴ ልጅ ከጀርመን አንዲት ትንሽ የባቡር ራስና ስምንት ፉርጎ ስታመጣልኝ ወዲያው የታሰበኝም ይኸው ነው።

መጠናቸው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የሃዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ87 ቢባዛ የአዲሱን የጅቡቲ መስመር 1435 ይሰጣል። የድሮው ለገሃር ሃዲድ አንድ ሜትር ስለነበር ለእሱ 12 ሚሊ ሜትር ያስፈልግ ነበር። እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

የመረጥኩት የድርደራ ጨዋታ ፕላን ኢንግልኑክ ይባላል፤ ያወጣው አለን ራይት ነው። ሁለት መስመር መቀየሪያና ሦስት ቅርንጫፍ አለው። ረጅሙ ቅርንጫፍ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ አጫጭሮቹ ሦስት ሦስት። ባቡሩ ወዲያና ወዲህ የሚልበት ጫፍ ደግሞ የባቡሩን ራስና ሦስት ፉርጎ ብቻ ነው የሚችለው። በስምንት ቆርኪዎች ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፣ አምስቱን በዕጣ አወጣለሁ፣ በባቡሯ ራስ እየገፋሁና እየሳብኩ፣ በወጡበት ተራ ፉርጎዎቹን ረጅሙ መስመር ላይ አሰልፋለሁ። ዕጣው 6,720 ዓይነት ሊወጣ ይችላል።

የተሳሳትኩት ልኩ ላይ ነው። አንዱን ፉርጎ ለካሁ፤ 10.5 ሳንቲ ሜትር። በዚያ አስልቼ ኮምፔንሳቶውን 1.30 ሜትር አስቆረጥኩ። መያያዣውን ረስቼዋለሁ! ሲያያዙ እያንዳንዱ 12 ሳንቲ ሜትር ይፈጃል። ሃዲዱን ሁሉ ለጥፌ ስሞክር አምስተኛው ፉርጎ አልገባም፤ በወዲያኛው ጫፍም ሦስተኛው ፉርጎ መቀየሪያው ላይ ቀረ። ጣውላውን ይዤ ወደ አናጺው ተመለስኩ። ጋሼ አየት አደረጉትና፣ «ልጄ፣ እኔ ቁም ሳጥን ስሠራ በሜትር አልጀምርም። የሚገባበትን ዕቃ አምጡልኝ ነው የምለው» አሉኝ። ፉርጎዎቹን አመጣሁ፣ አያይዤ ጣውላው ላይ ደረደርኳቸው፣ በእርሳስ ምልክት አደረግን። በአንዱ ጫፍ 7፣ በሌላው 8 ሳንቲ ሜትር ተጨመረ። በጣም ማስረዘምም አይቻልም። ያ ጫፍ አራት ፉርጎ ከቻለ ጨዋታው ይቀላል፣ ጣዕሙም ይጠፋል።

በሃዲዱ መሃል የምበትነውን ጠጠር ከበሬሳ ወንዝ ዳር አመጣሁና በወንፊት ነፋሁት። ከዚያ ማግኔት አሳለፍኩበት፤ ጥቁር ብናኝ ተሰበሰበበት። ያ ብናኝ ብረትነት ስላለው ሞተሩ ውስጥ ከገባ ይይዘዋል። ይህን ማንም እንዳይዘለው። ኮላው ግን በኅዳር ውርጭ አልደርቅ ብሎ አስቸገረኝ። ቀን ቀን ጣውላውን ፀሐይ ላይ ማውጣት ግድ ሆነ።

ባቡሯ መቀየሪያው ላይ ደርሳ ቀጥ ትል ነበር። አጭር ናት፣ አራት ጎማ ብቻ ናት። ሃዲዶቹ የሚሻገሩበት ቦታ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ አታገኝም። መሻገሪያው ብረት የሆነ መቀየሪያ አስመጣሁ፤ ሽቦ በስታኞ በየድኩበትና ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በሚያቀያይር ትንሽ ማብሪያ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብላም ታልፋለች። መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ እጫወታለሁ፤ ፊውዝ ግን የግድ ነው። ሁለቱ ሃዲዶች ድንገት ከተነካኩ ባትሪው ሽቦውን ያቃጥለዋል።

አሁንም የሚያደክመኝ ሃዲዱን ማጽዳት ነው። ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። የእጣኑ ጭስና የከሰሉ አመድ ሃዲዱ ላይ ስስ ቆሻሻ ይተዋሉ፤ ባቡሯም መንገጫገጭ ትጀምራለች። ከመጫወቴ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ስጨርስ አንሶላ አለብሰዋለሁ።

ቆርኪውን የምታወጣልኝ እማዬ ናት። ትናንት 7፣ 2፣ 5፣ 1፣ 8 ወጣ። አቦል ሲቀዳ ጀምሬ በረካ ላይ ጨረስኩ።