ካሜራ ከመያዛችሁ በፊት ግቢ ፈልጉ

የሴዱ ኬይታን ፎቶዎች ያየ ተማሪ «እኔም እንዲህ ባነሳ» ማለቱ አይቀርም። ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ሲከፍት ብርሃኑ የፀሐይ፣ መጀመሪያ ከደንበኞቹ ጀርባ የዘረጋው ጨርቅም የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ለመመረቂያ ሥራዬ የደሴን ሰው በእሱ መንገድ ለማንሳት ስወስን ነገሩ ቀላል መስሎ ታየኝ። ካሜራ ከጓደኛዬ ተዋስኩ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረው፣ ይበቃል። ባለ አበባውን የአልጋ ልብስ ከእናቴ ወሰድኩ፤ እስካሁን ታነሳብኛለች። አማካሪዬም ርዕሱን ወዲያው ፈረመልኝ።

ቀጥሎ የትብብር ደብዳቤ የሚባለው ነገር መጣ።

ሐሳቤ ሰኞ ገበያ ገብቼ ጨርቄን አንድ ግድግዳ ላይ ዘርግቼ ነጋዴውን፣ ተሸካሚውን፣ ከገጠር የመጣውን ሰው ማንሳት ነበር። ተማሪ ወደ ሕዝብ ቦታ ከመውጣቱ በፊት ደብዳቤ ይያዝ ተባልን፤ እኔም ታዛዥ ነኝና ያዝኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ይዤው የሄድኩበት ቢሮ ያገኘኋቸው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች እንኳ ሳያነቡት «ይሄ ለእኛ የተጻፈ አይደለም፤ በስማችን አስጽፈሽ ነይ» አሉኝ። ተመልሼ አስጻፍኩ። አሁን ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲመለሱ መስክ ወጥተዋል። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ወደ አንድ ክፍል መራው፤ ያ ክፍል ወደ ሌላው መራው። ደብዳቤዬ ከእኔ በላይ ያንን ሕንጻ ዞሮታል። በዚያ ሁሉ ደጅ ጥናት ሰው መሆኔን ያየልኝ በር ላይ የሚቀመጡት ጥበቃ ብቻ ናቸው፤ ስወጣ ስገባ «አብሽሪ ልጄ፣ ነገ ይገባሉ» ይሉኛል።

አንድ ቀን በመጨረሻ የሚያነብ ሰው አገኘሁ። አንብበው ሲጨርሱ «የሚነሱትን ሰዎች ስም ዝርዝር አያይዢ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹን እኮ ገና አላገኘኋቸውም። ለገበያ የሚመጡ ናቸው።»

«ታዲያ የማታውቂያቸውን ሰዎች ለምን ታነሻለሽ?»

ይህን ያሉት እኔን ከጠረጴዛቸው ለማራቅ እንደሆነ ዛሬም አልጠራጠርም። ንዴቴም አልበረደም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ኬይታ ሰው ፍለጋ አልዞረም፤ ሰው ነው ወደ እሱ የመጣው። ለብሶ፣ ተኳኩሎ፣ ከፍሎ። ያ ኩራት ከፊታቸው የሚነበበው ፎቶውን የፈለጉት እነሱ ስለሆኑ ነው። እኔ ግን ሽንኩርት የምትመዝን ሴት ፊት ካሜራ ልደቅን ፈቃድ እለምናለሁ።

ፈቃዱ ደግሞ መጣ እኮ! ማኅተሙ አርፎበታል፣ ፊርማው አለ። የተፈቀደልኝ ጊዜ ግን መጀመሪያ በማመልከቻዬ ላይ የጠየቅኩት ወር ነው፤ ወሩ ካለቀ ሰንብቷል። ይታደስልኝ ብል አዲስ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ከዚያ በኋላ ያንን በር አልረገጥኩም።

ያዳነኝ የአክስቴ ግቢ ነው። ዓረፋ ደርሶ ነበር፤ ደሴ ላይ ዓረፋ ሲሆን ሙስሊም ክርስቲያኑ ቤት ለቤት ሲጠያየቅ ይውላል፣ ሕጻናቱ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። የአልጋ ልብሱን የታጠበ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ላይ ሰቀልኩና ለቡና ለመጡት ጎረቤቶች «አሳጥቤ በነጻ እሰጣለሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰልፉን የምታስተናግደው አክስቴ ሆነች። ነጠላ የሚያስተካክሉት፣ የልጃቸውን ሰዓት ተውሰው የሚያስሩት፣ ሬዲዮ ከቤት ይዘው የመጡት፣ ሁሉም ያለማንም ትእዛዝ ነው። ኬይታ ስቱዲዮው ውስጥ ሰዓት፣ ብዕርና ሬዲዮ ለደንበኛ ያስቀምጥ እንደነበር አንብቤያለሁ፤ እዚህ ማስቀመጥም አላስፈለገኝ።

እሱ ለአንድ ደንበኛ ባብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው፤ ፊልም ገንዘብ ነው። ሜሞሪ ካርድ ያለው ሰው ይህን ደንብ ቢይዝ ዝም ብሎ መመጻደቅ ይመስለኛል፤ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። የሚወረሰው ከማንሳቱ በፊት ያለው ትዕግሥት ነው፦ ትከሻን ትንሽ ዞር ማድረግ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ አብሮ መፈለግ። በጥቁርና ነጭ አትሚ ያሉኝም ነበሩ። እምቢ አልኩ። እሱ በዘመኑ የነበረውን ተጠቀመ፤ እኔ የዓረፋ ቀን የወሎን ልጆች ቀሚስ አመድ የማደርግበት ምክንያት የለኝም።

የስምምነት ቅጽ አስፈርሙ ይባላል። እኔ አላስፈረምኩም፤ ፊርማ ሲባል እናቶቻችን መሬት የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል። ፎቶው የት እንደሚታይ በቃል ነግሬ፣ አልፈልግም ያለውን ትቼ፣ የተስማማውን ስሙን ጠይቄ ከኅትመቱ ጀርባ ጻፍኩ። ስም መጻፍን ግን አትለፉ። የራሱ የኬይታ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ለዕይታ ሲቀርቡ አንሺው ያልታወቀ ተብለው ነው የተሰቀሉት። የራሳችሁንም ስም ጻፉበት። ገንዘባችሁን ደግሞ ለሌንስ ሳይሆን ለማሳጠቢያ አስቀምጡ፤ ቃል የተገባለት ፎቶ ያልደረሰው ጎረቤት መንገድ ላይ አያሳልፍም።

ስለ ብርሃን፦ ደሴ ላይ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ትገባለችና ከሰዓትን አትመኑ። ደመና ሲሆን ግን እንዳትመለሱ፤ ጉሙ የፊትን ጥላ ያለሰልሳል፣ ጥሩዎቹ ሁሉ በደመና የተነሱ ናቸው። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ከደሴ በሐረጎ መንገድ ቁልቁል ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ፀሐዩ ግን ሌላ አገር ነው፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ አለበለዚያ በረንዳ ጥላ ሥር ግቡ።