ካሮት የመሰለኝ አረም

አዳማ ውስጥ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ተዘግቶ የከረመ ግቢ ተከራይቶ ገባ። እኔን በአትክልተኛነት የቀጠረኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ክረምቱ ገብቷል፤ ግቢው ወገብ በሚደርስ አረም ተውጧል። ሥራ አስኪያጇ በር ላይ ቆመው፣ «ለመስከረም የሠራተኛው ምግብ ቤት ሰላጣና ቆስጣውን ከዚሁ ግቢ ቢያገኝ ደስ ይለኛል» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሙሉ ግቢ በእጄ ሲገባ የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ ቀን ዙሪያውን ዞርኩ። አጥሩ ሥር ጉሎ አለ። ቆሻሻ መጣያው ጋ ደግሞ አስተናግር በቅሏል። ያንን አውቀዋለሁ፤ ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። ፍሬውን የበላ ሰው ይቃዣል፣ የማያውቀውን ይለፈልፋል፤ ሊገድልም ይችላል። የሠራተኛ ልጆች የሚመጡበት ግቢ ነውና በዚያው ዕለት ነቅዬ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ትልቁን አደጋ ያስወገድኩ መሰለኝ።

ከጀርባ ያለውን ሜዳ የሞላው ግን የማላውቀው ተክል ነበር። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ነው። ገና የበቀለው ክብ ሠርቶ መሬት ላይ ተነጥፏል። ያደገው ቅርንጫፍ አውጥቶ ጫፉ ላይ ነጫጭ አበባ ይዟል። አበባውን መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት፤ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ ዙሪያው አምስት ጥግ አለው። ያምራል። እኔ ያደግኩት ደጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስሙን ማንንም አልጠየቅኩም።

ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥረን በማጭድ አሳጨድኩት። ያጨድነውንም አዲሶቹ መደቦች ላይ ጎዘጎዝኩት። እርጥበት ይይዛል ብዬ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ነገር ተበላሸ። የዘራሁት ሰላጣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ ብቅ አለ። በምትኩ መደቡን የሞላው ያው የካሮት ቅጠል ነው። የታጨደውም ከጉቶው አራት አምስት ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ መሬት አካባቢ ዝቅ ብሎ አበበ።

ከዚህ ሁሉ ያሳዘነኝ የአንዷ ሠራተኛ እጅ ነው። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት እጅጌያቸውን ወደ ታች ሲጎትቱ አየሁና፣ «ምን ሆነው ነው እማማ?» አልኳቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል፤ የታከከበት ቦታ ቆስሏል። «ምንም አይደል ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ። ለካ ሥራው ይቀርብኛል ብለው ሳምንቱን ሙሉ ደብቀውኛል። እኔ አስተናግሩን ስነቅል ጓንት አድርጌ ነበር። ለእሳቸው አልሰጠኋቸውም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን ተክል ነክተው ነው?» ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ማታ አንዱን ነቅዬ ለሌሊት ጥበቃው አሳየኋቸው። ጋሼ የሐረርጌ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩት ወደ ኋላ አሉ።

«ይሄማ ቅንጬ አረም ነው! አበባው ቅንጬ የተበተነ አይመስልም? እኛ አገር ፈረምሲሳ ነው የሚሉት። መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«የምታውቀው መስሎኝ።»

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሳይንሱ ፓርቴኒየም ይለዋል። አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው። አንዱ ተክል ብቻ እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሥሩም ቅጠሉም ሌላ ዘር እንዳይበቅል የሚያግድ ኬሚካል አለው። የእኔ ሰላጣ የቀረው በዚህ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ዘሩን ከነመርዙ መደቡ ላይ ያለበስኩት። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ቆዳ ያቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። መስከረም ላይ ሰላጣ እንደማይኖርም ነገርኳቸው። የጓንትና የአፍ መሸፈኛ ገንዘብ ጠየቅኩ። የሴትዮዋ የሕክምናና ያልሠሩባቸው ቀናት ክፍያም በመሥሪያ ቤቱ እንዲሸፈን ለመንኩ። ፈቀዱ።

ማጭዱን አስቀመጥነው። ዝናብ ባረፈ ማግሥት፣ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ክብ ሠርቶ ገና መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ ከነሥሩ መንቀል ነው። ያበበውን አንቀጠቅጥም፤ ቀስ ብለን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እናስገባና አድርቀን እናቃጥላለን። ባዶ አፈር አገኘ ማለት ቦታ አገኘ ማለት ስለሆነ ሜዳውን ሣር አለበስነው። እማማ ቁስላቸው ሲድን ተመልሰው መጡ። እኔ ግን ነቀላው ላይ አላሰማራኋቸውም፤ ቆዳቸው አንዴ ተቆጥቷል። የችግኙ ሥራ የእሳቸው ሆነ።

ሰላጣውን የበላነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለፈው ሐምሌ ከሜዳው የነቀልነው አረም አንድ ባልዲ አልሞላም። የጎረቤት ግቢ ግን አሁንም ነጭ በነጭ ነው፤ ጎርፉ ደግሞ ከእነሱ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። ቅዳሜ ዕለት ከጋሼ ጋር ሆነን በራቸውን አንኳኳን። ትርፍ ጓንት ይዘን ነበር የሄድነው።