ከ7 ወር በኋላ የበራው ሐምራዊ

ትናንት እንጦጦ ላይ የተከዜን ወፍ (በእንግሊዝኛ ሳንበርድ ከሚባሉት አንዱን) ሐምራዊ ሆኖ ፎቶ አነሳሁት። 7 ወር ፈጅቶብኛል፤ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

አጀማመሬ ያው እንደሁላችንም ነው። ባይኖክላር ተዋስኩ፣ ድንቢጥና ዋነስ መለየት ለመድኩ፣ ካሜራ ገዛሁ። ከዚያ ይሄ ወፍ መጣ። ቀጭን ቆልማማ አፉን አበባ ውስጥ እየከተተ ማር ይቀስማል። ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወርዳሉ። ፎቶው ላይ ግን ጥቁር ነው። ሁልጊዜ ጥቁር! ሴቲንግ ስነካካ ከረምኩ፣ ሌንስም ቀየርኩ።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ያ ሐምራዊ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም። ላባው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ንብርብሮች ብርሃን ሲያርፍባቸው ነው የሚወጣው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ካልሆነች ወፉ ከሰል ነው።

ስለዚህ መከተሉን ተውኩት። አሁን ራስ ክምር የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ያለው ተክል ያለበትን ፈልጌ፣ ለፀሐይዋ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ትናንት መጥቶ ግንዱን ጨበጠ። አንገቱን ደፍቶ ብርቱካናማዎቹን አበቦች አንድ በአንድ ቀሰመ። ወደሚቀጥለው ዘለላ ሲዞር ትከሻው ፀሐይዋን አገኘ፤ ያኔ በራ። ራሱ ደግሞ ነሐስ መሰለ።

የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ ወፉን መጥራትን አጥብቄ እቃወማለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ባላንጣ የመጣበት መስሎት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲንከራተት፣ አንድ አበባ ሳይቀምስ 20 ደቂቃ አለፈ። ዳግም አልሞክረውም።

ደግሞ እባካችሁ፣ ማር ስለሚቀስም ብቻ ሀሚንግበርድ አትበሉት። ሀሚንግበርድ ያለው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ይሄ የራሱ ስም አለው። ሳይንሳዊ ስሙ የወጣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአቢሲኒያ ጉዞ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ስሙም የተከዜ ወንዝ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ደጋ ላይም ይኖራል፣ እዚያም የሚጠራው በኛ ወንዝ ነው። ይሄ ያኮራኛል።

ራቅ ብሎ መሄድ ለማይመቻችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ የደጋ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሞክሩ። ዙሪያው ታርሶ እንኳ ጽዱና ወይራው እዚያ ተከብሮ ቆይቷል፣ ወፎቹም ከዛፉ ጋር ተርፈዋል። ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፣ ለካሜራው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

የቀረችኝ ሴቷ ናት። አመድማ ናት፣ ከሌሎቹ ዘመዶቿ ሴቶች መለየት እስካሁን አቅቶኛል። የምትለዩበት ምልክት ያላችሁ ንገሩኝ።